ስድስት ልጆች፣ አምስት መልክ፦ ቡራቡሬ ሆላንድ ሎፖች ምን ደብቀው ኖረዋል?

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክተር። ሁለት ሆላንድ ሎፕ ጥንቸሎች አሉኝ። ወንዱም ሴቷም ነጭ ላይ ጥቁር ቡራቡሬ ናቸው። በአንድ ቀን ከአንድ ሰው ነው የገዛኋቸው፤ ቤቴ ከገቡ አምስት ወር ሆኗቸዋል። አሁን ስድስት ወልደውልኛል፣ ልጆቹም አራት ሳምንት ሞልቷቸዋል። ሁለቱ ልክ ወላጆቻቸውን ይመስላሉ። አንዱ ግን ድፍን ጥቁር ነው። አንዱ አመድ የመሰለ ድፍን ነው። አንዷ ነጭና ብርቱካናማ ቡራቡሬ ሆና ጆሮዋና አፍንጫዋ ጥላሸት የነካው ይመስላል። የመጨረሻዋ ነጭ ናት ማለት ይቻላል። ጆሮዎቿና የዓይኖቿ ዙሪያ ብቻ ጥቁር ናቸው፣ አፍንጫዋ ስር ደግሞ ፂም የመሰለች ነጥብ አለቻት። ጎረቤቴ "ንጹሕ ዘር ቢሆኑ አንድ ዓይነት ይወልዱ ነበር፣ ተሸውደሃል" አለኝ። እውነት ተሸውጃለሁ? ወይስ ሌላ ወንድ ገብቶ ነው? ሲያድጉስ መልካቸው ይለወጣል?

መልስ፦ በመልኩ አልተሸወዱም። ከጻፉልኝ ውስጥ ሌላ አባት የሚያስጠረጥር አንድም ነገር አላየሁም። እንዲያውም ልጆቹ የወላጆቻቸውን ምስጢር ዘርግፈውልዎታል። እኔን ያሳሰቡኝ ሌሎች ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ነጯ ናት። ሁለተኛው "በአንድ ቀን ከአንድ ሰው" ያሉት ነው። ወደ ሁለቱም እመጣለሁ።

መጀመሪያ ከጎረቤትዎ ጋር ልጨርስ። "ንጹሕ ዘር አንድ ዓይነት ይወልዳል" የሚለው ለአንዳንድ ዝርያ እውነት ነው። ካሊፎርኒያን የሚባለው ጥንቸል ነጭ ሆኖ ጆሮው፣ አፍንጫው፣ እግሩና ጭራው ካልጠቆረ ካሊፎርኒያን አይደለም። እዚያ መልኩ የዝርያው መታወቂያ ነው። ሆላንድ ሎፕ ላይ ግን መታወቂያው ቅርጹ ነው፦ ትንሽነቱ፣ ክብ ጭንቅላቱ፣ ድንቡሽ ያለ አጭር ሰውነቱ፣ በጉንጩ ጎን የሚወርደው ጆሮው። የአሜሪካ የጥንቸል አርቢዎች ማኅበር የሚፈቅደው ከፍተኛ ክብደት 4 ፓውንድ ነው፣ ወደ 1.8 ኪሎ ማለት ነው። መልክን በተመለከተ ማኅበሩ ለውድድር የሚከፍላቸው በሁለት ጎራ ብቻ ነው። ድፍኑ አንድ ወገን፣ ቡራቡሬው ሌላ ወገን። አርቢዎች ሶሊድ እና ብሮከን ይሏቸዋል። በየጎራው ውስጥ ብዙ ዓይነት መልክ ተቀባይነት አለው።

ይህ ሁሉ መልክ ከየት መጣ ቢሉ፣ ከአሠራሩ ነው። አድሪያን ደ ኮክ የሚባል ኔዘርላንዳዊ እ.ኤ.አ. በ1949 ትልቁን የፈረንሳይ ሎፕ (ሎፕ ጆሮው የሚወርድ ጥንቸል ነው) ከትንሹ ኔዘርላንድ ድዋርፍ ጋር ማዳቀል ጀመረ። ጆሮው አልወርድ ሲለው የእንግሊዝ ሎፕ ጨመረበት። ልፋቱ በ1964 በአገሩ፣ በ1979 ደግሞ በአሜሪካ እውቅና አስገኘለት። የተቀላቀሉት ሦስቱ ዝርያዎች የየራሳቸውን ቀለም ይዘው ነው የመጡት። ያ ሁሉ ዛሬም በየጥንቸሉ ውስጥ ተደብቆ ይዞራል።

አንድ ነገር በቅንፍ ልበል። ኢንተርኔት ላይ ፎቶ ሲያነጻጽሩ በስም እንዳይሳሳቱ። እንግሊዞች ይህንኑ ጥንቸል ሚኒየቸር ሎፕ ይሉታል። አሜሪካኖች ሚኒ ሎፕ የሚሉት ግን ሌላ ነው፣ ተለቅ ያለ ዝርያ። ብዙ "ተሸወድኩ" ባይ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚደናገረው።

አሁን ወደ ቀለሙ። የጥንቸል ሰውነት የሚያመርተው ቀለም ሁለት ዓይነት ብቻ ነው። አንዱ ጥቁር ወይም ቡናማ ነው፣ ዩሜላኒን ይባላል። ሌላው ቢጫና ቀላ ያለው ፊዮሜላኒን ነው። የምናየው ሁሉ የእነዚህ የሁለቱ ጨዋታ ነው። የት ይግባ፣ የት ይቅር፣ በአንድ ፀጉር ላይ በየተራ ይግባ ወይስ አንዱ ብቻ ይሙላው፣ ይድመቅ ወይስ ይሳሳ የሚለውን ጂኖች ይወስናሉ። እያንዳንዱ ጂን ጥንድ ነው፤ አንዱ ቅጂ ከእናት፣ አንዱ ከአባት ይመጣል። አንዳንዱ ቅጂ አንድ ብቻውን ሆኖም ራሱን ያሳያል። አንዳንዱ ግን አምሳያውን ካላገኘ በስተቀር ድምፁን አጥፍቶ ይኖራል። የአመዱና የብርቱካኗ ታሪክ የዚህ የሁለተኛው ነው።

ነጭ ግን ቀለም አይደለም፣ የቀለም አለመኖር ነው። ይህን መያዝ ብዙ ነገር ያቀልልዎታል። ፅንሱ ውስጥ ቀለም የሚሠሩት ሴሎች ከጀርባው መስመር ተነስተው ወደ መላው ቆዳ ይጓዛሉ። በጥንቸልዎ ላይ ነጭ ያዩበት ቦታ ሁሉ እነዚያ ሴሎች ያልደረሱበት ወይም ደርሰው ያልበረከቱበት ነው። ቡራቡሬ ጥንቸል በመሠረቱ ጥቁር ነው፤ ከላዩ ነጭ ተጥሎበታል። ስለዚህ "ነጭ ላይ ጥቁር አለው" ከማለት "ጥቁር ሆኖ ነጭ ሸፈነው" ማለት ለእውነቱ ይቀርባል።

ይህን ነጭ የሚጥለው ጂን የእንግሊዝ ነጠብጣብ ጂን ይባላል። እንግሊሽ ስፖት የሚባለው ዝርያ የሚታወቅበት ስለሆነ ነው ስሙ። አንድ ቅጂ ያለው ጥንቸል ቡራቡሬ ይሆናል። ምንም የሌለው ድፍን ነው። ሁለት ቅጂ የደረሰው ደግሞ ነጩ ይበረታበትና ቀለሙ ከአሥር እጅ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም።

የእርስዎ ወንዱም ሴቷም ቡራቡሬ ናቸው፣ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ቅጂ ይዘዋል ማለት ነው። ሲገናኙ የሚጠበቀው ይህ ነው፦ ከአራት ልጅ ሁለቱ ቡራቡሬ፣ አንዱ ድፍን፣ አንዱ ነጭ ለባሽ። አሁን የእርስዎን ስድስት ይቁጠሩ። ሦስት ቡራቡሬ አለ፣ ሁለቱ ጥቁር አንዷ ብርቱካናማ። ሁለት ድፍን አለ፣ ጥቁሩና አመዱ። አንዲት ነጭ ለባሽ አለች። በስድስት ልጅ ከዚህ የተሻለ ሒሳቡን የሚያሳይ ወሊድ ማግኘት ይከብዳል። ግን ዕጣ ነው። በሚቀጥለው ስድስቱም ቡራቡሬ ሆነው ሊወጡ ይችላሉ፤ ሳንቲም ስድስት ጊዜ በአንድ ጎኑ እንደሚወድቀው።

ድፍኑን ጥቁር ሰዎች "ይሄ ከየት መጣ?" ይላሉ። እኔ ደግሞ ከስድስቱ ይበልጥ ቀላሉ እሱ ነው እላለሁ። ነጭ የሚጥለውን ጂን ከሁለቱም ወገን አልወረሰም፣ በቃ። ወላጆቹም ሥራቸው ጥቁር ነው፣ እሱም ጥቁር ነው።

አመዱን አርቢዎች ብሉ ይሉታል፣ ሰማያዊ ማለታቸው ነው። ሰማያዊ አይደለም ካሉ እስማማለሁ። በፈረስ ቋንቋ ዳለቻ ብንለው ይሻላል። እንዲያውም ለጥንቸል መልክ አማርኛ የሚያንሰን አይመስለኝም፤ ከፈረስ ዳለቻንና ቦቃን፣ ከዶሮ ገብስማን መዋስ ነው። ዳለቻው ጥንቸል የተለየ ቀለም የለውም። ያው ጥቁሩ ቀለም ነው፣ ግን በፀጉሩ ውስጥ እኩል ከመርጋት ይልቅ እየተጓጎለ በመቀመጡ ሳስቶ ይታየናል። የሚያሳሳው ጂን ድብቅ ነው። ልጁ ዳለቻ ከሆነ ከእናትም ከአባትም አንድ አንድ ቅጂ ወርሷል። እናቱና አባቱ ጥቁር ቢመስሉም ይህን ይዘው ነበር። የዳለቻን ዓይን ልብ ብለው ቢያዩት ከቡናማ ይልቅ ወደ ግራጫ ያደላል፤ ሲጠራጠሩ በዚህ ይለዩት።

ጥላሸት የነካት የመሰለችው ልጅ ቶርት ትባላለች፤ የቶርቶይዝ፣ የኤሊ ቅርፊት ማሳጠሪያ ነው። በሆላንድ ሎፕ ዘንድ በብዛት ከሚታዩት መልኮች አንዱ ነው፣ ቡራቡሬውም ድፍኑም። እኔ በግሌ ከሁሉም አስበልጬ የምወደው ይህን ነው፣ ዳኛ ባልሆን ይሻላል። እዚህ ላይ የሚሠራው ሌላ ድብቅ ጂን ነው። ጥቁሩ ቀለም ወደ ፀጉሩ እንዳይገባ ያግድና ሰውነቱን ለብርቱካናማው ይለቅለታል። እገዳው ግን ሙሉ አይደለም። በአፍንጫ፣ በጆሮ፣ በእግር፣ በጭራና በጎን በኩል ጥቁሩ ጢስ ሆኖ ይቀራል። ያዩት ጥላሸት እሱ ነው። አጥበው አያስለቅቁትም። አንዲት ሴትዮ ሞክረው ነበር፣ ጥንቸሏ ተናዳ ሰነበተች እንጂ መልኳ ንቅንቅ አላለም። በነገራችን ላይ ጥንቸል አይታጠብም።

እንግዲህ ሁለቱም ወላጆች ቀለም የሚያሳሳውንም የቶርቱንም ድብቅ ቅጂ ይዘዋል። ይህ ማለት ሁለቱ በአንድ ልጅ ላይ ሊገጣጠሙ ይችላሉ። ከአሥራ ስድስት አንድ ዕድል ነው። ያኔ ብሉ ቶርት ይወለዳል፦ ሰውነቱ ቡላ፣ ጫፉ ላይ ያለው ጢስ ደግሞ ዳለቻ። ሲያዩት "ይሄኛውስ?" ብለው እንዳይደነግጡ አስቀድሜ ነገርኩዎት።

የአባትን ነገር ላንሳ። ሁለት ማስረጃ አለ። የመጀመሪያው የቀን ሒሳብ ነው። የጥንቸል እርግዝና 31 ቀን ገደማ ነው። ሴት ጥንቸል እንቁላል የምትለቀው ወንድ ካጠቃት አሥር ሰዓት ያህል ካለፈ በኋላ ነው። ቤትዎ ከገቡ አምስት ወር ከሆናቸው፣ ከወለደች ደግሞ አራት ሳምንት ከሆናት፣ ያረገዘችው እርስዎ ጋ እያለች ነው። ሌላ ወንድ ካላገኛት ሌላ አባት የለም።

ሁለተኛው መልኩ ራሱ ነው። አንዳንድ መልክ ከሁለት ጥቁር ወላጆች አይወለድም። ገብስማው ለዚህ ዋናው ነው። አጉቲ ይሉታል፤ የዱር ጥንቸል መልክ ነው። ጀርባው ላይ እፍ ቢሉበት ፀጉሩ ይከፈልና ቀለበት ቀለበት ያያሉ፦ ሥሩ ግራጫ፣ መካከሉ ብርቱካናማ፣ ጫፉ ጥቁር። ሆዱ፣ የጭራው ሥርና የዓይኑ ዙሪያ ነጣ ይላል። ይህ ጂን ካለ ራሱን ያሳያል እንጂ አይደበቅም። ስለዚህ ከወንዱም ከሴቷም ላይ ከሌለ ልጁ ከየት ያመጣዋል? ከእርስዎ ስድስት አንዱ ገብስማ ቢሆን ኖሮ እኔም ጎረቤትዎን እሰማ ነበር። ያኔም ቢሆን ወዲያው አልፈርድም። ስቲል የሚባል መልክ አለ። ገብስማውን በጥቁር ይውጠውና ጥንቸሉ ድፍን ጥቁር ይመስላል፤ ልጅ ሲወልድ ነው የሚጋለጠው። በዚህ ምክንያት ጥሩ ትዳር የፈረሰባቸው ጥንቸሎች አውቃለሁ።

ልብ ይበሉ፣ መልክ አባትን ሊጥለው ይችላል እንጂ ሊያጸድቀው አይችልም። "ከዚህ ወንድ አይወለድም" ማለት ይቻላል። "ከዚህ ነው የተወለደው" ለማለት የዲኤንኤ ምርመራ ያስፈልጋል። የእርስዎ ጉዳይ ግን እዚያ የሚያደርስ አይደለም።

እኔ ሻጩን ብጠይቀው ደስ የሚለኝ ሌላ ነገር ነው። ሁለቱ ጥንቸሎች በአንድ ቀን ከአንድ ሰው መጡ። ሁለቱም ቡራቡሬ ናቸው። ሁለቱም ያው ሁለት ድብቅ ጂን አላቸው። እነዚህ ጂኖች በዝርያው ውስጥ የተለመዱ ስለሆኑ ይህ ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም። ግን ወንድምና እህት ቢሆኑ አይገርመኝም። ብዙ ሰው "ጥንድ ስጠኝ" ሲል የሚሰጠው ከአንድ ወሊድ ነው። ስለ ወላጆቻቸው ይጠይቁ። እህትና ወንድም ከሆኑ ደግመው አያዳቅሏቸው። መልክን የሚያወጣው መዋለድ በሽታንም ያወጣል፤ ድብቁ ሁሉ ቀለም ብቻ አይደለም።

አሁን ነጯ። አርቢዎች ቻርሊ ይሏታል። ስሙ የመጣው ከቻርሊ ቻፕሊን ነው ይባላል፣ አፍንጫዋ ስር ባለችው ፂም ምክንያት። እርስዎም ሳያውቁት "ፂም የመሰለች" ብለው ጻፉልኝ። የሁለት ቅጂ ባለቤት ናት ብዬ አስባለሁ። መቶ በመቶ ግን አይደለም። አንድ ቅጂ ብቻ ይዘው ቀለማቸው ያነሰባቸው ቡራቡሬዎችም አሉ። ዓይኗንም ይዩልኝ። ቡናማ ከሆነ ነገሩ እንዳልኩት ነው። ሰማያዊ ከሆነ ሌላ ጂን አለ፣ ቪየና የሚባለው። እሱ አንድ ቅጂ ሲሆን ግንባር ላይ ቦቃ ያወጣል፣ እግርን ነጭ ያደርጋል፣ አንዳንዴም አንድ ዓይን ብቻ ሰማያዊ ይሆናል። ሁለት ሲሆን ዓይነ ሰማያዊ ሙሉ ነጭ ይወጣል። ነጭ ሆኖ ዓይኑ ቀይ የሆነው ደግሞ ሦስተኛ ታሪክ ነው፣ ቀለም ማምረት ራሱ የቆመበት። ሦስቱን ነጭ አያምታቷቸው።

ቻርሊነት ለምን ያሳስበኛል? ቅድም ያልኩት የነጠብጣብ ጂን ቆዳ ላይ ብቻ አይደለም የሚሠራው። ያው ጂን አንጀትን በየጊዜው እንዲኮማተር ለሚያዙ ሴሎችም ያስፈልጋቸዋል። ሁለት ቅጂ የያዘ ጥንቸል ቀለሙ እንዳነሰ ሁሉ አንጀቱም ሊሰንፍ ይችላል። ሜጋኮሎን ይባላል፤ ትልቁ አንጀት ይለጠጥና ሥራው ይዘገያል። ሁሉም ቻርሊ አይታመምም። ዕድሜ ልኩን ደኅና የኖረ አውቃለሁ። የሚታመመውም ብዙ ጊዜ በልጅነቱ ምንም አይመስልም፣ ችግሩ እያደገ ሲሄድ ነው የሚታየው።

ምልክቱን የሚያገኙት በጠጡ ላይ ነው። የጤነኛ ጥንቸል በጠጥ ክብ፣ ደረቅና አንድ ወጥ ነው። የእሷ ትልልቅ፣ የተጣመመ፣ እርጥብ ወይም ንፍጥ የለበሰ ሆኖ ካገኙት ልብ ይበሉ። ደህና እየበላች የማትወፍር ከሆነ፣ ሆዷ የሚነፋ ከሆነም እንዲሁ። መብላት ወይም መጸዳዳት ካቆመች ግን "እስኪ ነገ ልይ" አይበሉ። ግማሽ ቀን ያልበላ ጥንቸል የድንገተኛ ሕክምና ጉዳይ ነው፣ ቻርሊ ሆነ አልሆነ። በተረፈ እንደ ማንኛውም ጥንቸል ዋናው ምግቧ ድርቆሽ ይሁን፣ ውሃ አይጉደልባት። የምግብ ለውጥ ካለ ቀስ ይበል፤ እንዲህ ያለ አንጀት ድንገተኛ ነገር አይወድም።

እዚህ ላይ ከብዙ አርቢዎች ጋር አልስማማም። ቻርሊን ከድፍን ጋር ቢያዳቅሉ ልጆቹ ሁሉ ቡራቡሬ ይሆናሉ። ቡራቡሬ ተፈላጊ ስለሆነ ይህን እንደ ብልሃት የሚያስተምሩ አሉ። ሒሳቡ ትክክል ነው። ግን ያንን ቻርሊ ለማግኘት መጀመሪያ ሁለት ቡራቡሬ ማገናኘት ያስፈልጋል፣ አንጀቱ የሚሰንፈውም በዚያው መንገድ ነው የሚመጣው። ቡራቡሬን ከድፍን ያገናኙ። ግማሹ ቡራቡሬ ግማሹ ድፍን ይወጣል፣ ቻርሊ አይወለድም። ቆንጆ ልጅ ለማግኘት ከዚህ በላይ መሄድ አያስፈልግም። እርስዎ ይህን አላወቁም ነበር፣ ምንም አይደለም። ከአሁን በኋላ ግን ያውቃሉ።

"ሲያድጉ ይለወጣሉ?" ላሉት፦ ነጩና ጥቁሩ የተያዘበት ድንበር አይለወጥም። ገና ፀጉር ሳያወጡ፣ በተወለዱ ቀን ቆዳቸው ላይ ያዩት ካርታ እስከ መጨረሻው ያው ነው። የጠቆረው ቆዳ ጥቁር ፀጉር አበቀለ፣ ሮዝ የነበረው ነጭ። ነጯ ልጅ አድጋ ቡራቡሬ አትሆንም። የሚለወጠው የቀለሙ ድምቀት ነው። አሁን የለበሱት የልጅነት ፀጉር ነው፤ ለስላሳና ደብዘዝ ያለ። ከአራት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ አርግፈውት የአዋቂውን ሲያወጡ ጥቁሩ ይደምቃል፣ የቶርቷም ብርቱካናማ ይሞቃል። ጢሷ ይጠነክር ይሆናል። በየለውጡም ትንሽ ትንሽ ይለያያል፤ ፀጉር በሚያረግፉበት ሰሞን እዚህም እዚያም መስመር ሲያወጡ በሽታ እንዳይመስልዎ። ፀሐይ ላይ የሚውል ጥቁር ወደ ዝገት ይሄዳል፣ ዳለቻውም እንዲሁ። አዲሱ ፀጉር ሲወጣ ይመለሳል።

እውነተኛ መልክ ለዋጭ ጥንቸል ካዩ ግን ሂማልያን የሚባለው ነው፤ ቅድም የጠቀስኩት የካሊፎርኒያን ጂን። ሆላንድ ሎፕም ውስጥ አለ። የእርስዎዎቹ ላይ አላየሁትም፣ ግን ሳልነግርዎ ባልፍ ይቆጨኛል። በዚህ ጥንቸል ሰውነት ውስጥ ቀለም የሚሠራው ኢንዛይም ሙቀት አይወድም። ሰውነቱ በሚሞቅበት ቦታ ሥራ ያቆማል፣ በሚቀዘቅዝበት ይሠራል። ለዚህ ነው ጆሮ፣ አፍንጫ፣ እግርና ጭራ ብቻ የሚጠቁሩት፤ ብርድ የሚያገኛቸው እነሱ ናቸው። ጀርባውን ላጭተው በረዶ ቢያስሩበት የሚበቅለው ፀጉር ጥቁር ይሆናል። ይህ በባዮሎጂ ትምህርት በጣም የታወቀ ሙከራ ነው፣ እርስዎ ግን አይሞክሩት። ጎጆው የበረደባቸው ጨቅላዎችም ሰውነታቸው ላይ ግራጫ ጥላ ይዘው ያድጉና በኋላ ይተዉታል። እኔ ራሴ በጀማሪነቴ እንዲህ ያለውን ጨቅላ ቺንቺላ ብዬ መዝግቤ ነበር። ቺንቺላ ብርማ ገብስማ ነው፣ የተከበረ መልክ። በሁለተኛው ወር ልጁ ጥርት ያለ ነጭ ሆኖ፣ አፍንጫው ጠቁሮ ጠበቀኝ። ስሙን የሰረዝኩበት ደብተር እስካሁን አለ።

አንድ ያልጠየቁኝን ልጨምር። ከልጆቹ መካከል ጆሮው ቆሞ የቀረ ወይም አንዱ ወርዶ አንዱ የቆመ ካለ አይጨነቁ። ሎፕ ሲወለድ ጆሮው አይወርድም። በአራተኛው ሳምንት ገደማ የሚጀምሩ አሉ፣ ወራት የሚፈጅባቸውም አሉ።

ሌላው፣ ወንዱ አሁንም ከእናቲቱ ጋር ከሆነ ዛሬውኑ ይለዩት። ሴት ጥንቸል በወለደች በሰዓታት ውስጥ ዳግም ታረግዛለች። አራት ሳምንት አብረው ከቆዩ ሁለተኛው ወሊድ በዚህ ሳምንት ሊሆን ይችላል፤ ማደሪያ ሳጥኑን በድርቆሽ ያዘጋጁላት። ልጆቹን እስከ ስምንተኛው ሳምንት ከእናታቸው አይለዩ። ከዚያ ሴቱን ከወንዱ ይለያዩ፣ ትንንሽ ዝርያዎች ቶሎ ይደርሳሉ።

ነጯን ለሰው ለመስጠት ካሰቡ ቸኩለው አይስጡ። ቢያንስ የልጅነት ፀጉሯን እስክታረግፍ እርስዎ ጋ ትቆይ፣ በጠጧን በየቀኑ ይዩላት፣ በየሳምንቱ ይመዝኗትና ይጻፉት። ያን ጊዜ ለሚወስዳት ሰው መዝገቡን አብረው ይስጡት። ቻርሊ መሆኗንም፣ ማዳቀል እንደሌለበትም ይንገሩት።